ስድስት ሜጋፒክስል ይበቃል ወይ?

ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥባቸውን የቴሌግራም ቻናሎች የሚከታተል ሰው አሮጌ ካሜራ ማየቱ አይቀርም። ከስልኩና ከላፕቶፑ መሀል ብቅ ይላል። የኪስ ካሜራ አለ፣ ጎማው የተላጠ ኒኮን አለ፣ የሌንስ ክዳኑ የጠፋ ካኖን አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ ያለውን ዕቃ ቤት ውስጥ ሕፃን ነበር የሚጫወትበት። አሁን ዋጋ ይጠየቅበታል፤ አንዳንዱማ ተለጥፎ ሳያድር ይሸጣል።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በአውሮፓም በእስያም ወጣቱ የታላላቆቹን የኪስ ካሜራ ከመሳቢያ እያወጣ ነው። ካኖን እንኳን እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣትን ትንሽ የኪስ ካሜራ ጥቂት ነካክቶ በ2025 መልሶ ለገበያ አቅርቧታል። ፋብሪካ አሮጌ ሞዴሉን መልሶ ሲሸጥ ፈላጊ እንዳለ አውቆ ነው።

የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር ቁጥሮች ታሪኩን ጥሩ አድርገው ይናገራሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 ከ121 ሚሊዮን በላይ ዲጂታል ካሜራ ለገበያ ወጣ። በ2023 የወጣው 7.7 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። ስልክ ገበያውን በላው። ያ ሁሉ ሚሊዮን ካሜራ ግን የትም አልጠፋም። መሳቢያ ገባ፣ ቁም ሣጥን ላይ ተጣለ፣ ወይም ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ተጭኖ እኛ ጋ ደረሰ። እኔ የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። እዚህ "እህቴ ከአረብ አገር የላከችልኝ" ተብሎ በጨርቅ የተጠቀለለ ካሜራ ያለበት ቤት ብዙ ነው።

አዲስ መግዛትማ ለአብዛኛው ሰው የማይታሰብ ሆኗል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ወዲህም መውጣቱን አላቆመም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ የወጣውን ፉጂፊልም ኤክስ100 ስድስተኛ ሞዴል ውሰዱ፤ ወጣቱ ሁሉ የሚያወራለት እሱ ነው። ሲወጣ ዋጋው 1,599 ዶላር ነበር። በቀድሞው ምንዛሪ 91 ሺህ ብር ገደማ ማለት ነው። በ130 ብር ሲመታ ከ200 ሺህ ያልፋል፤ ቀረጡም የነጋዴው ትርፍም ሳይገባ። በዚህ ገንዘብ እዚህ ስንት በግ እንደሚገዛ የመንዝ ሰው ወዲያው ያሰላዋል።

ዋጋው ብቻውን ግን ነገሩን አያስረዳም። ርካሽነቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ይበቃን ነበር። ሰው በአሮጌ ካሜራ ሲያነሳ ደስ የሚለው ምስሉ ስለሚበልጥ ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም። ብዙ ጊዜ አይበልጥም። ደስታውን የሚመልሰው ሥጋቱ ስለሚቀል ነው ባይ ነኝ። ሥጋቱ ደግሞ ሁለት ነው፤ አንዱ ስለ ዕቃው፣ ሌላው ስለ ተመልካቹ።

የዕቃው ሥጋት ቀላል ነው። ውድ ካሜራ ይዞ በግ ተራ የገባ ሰው ዓይኑ በጉ ላይ አይደለም። አቧራው ሌንሱ ውስጥ ይገባ ይሆን ይላል። የሚገፋው ሰው እጁን ወዴት እንደላከ ያያል። ዝናብ ጠብ ሲል ወደ ቦርሳ ይከታል፤ ደህና ደህናው ብርሃን ደግሞ ዝናቡ ጠብ ካለ በኋላ ነው የሚመጣው። በጥቂት ሺህ ብር የተገዛ አሮጌ ኒኮን ያነገተ ሰው ይህ ሁሉ የለበትም። በጋቢው ሥር ይሸጉጠዋል፣ ያወጣዋል፣ ያነሳል፣ ይቀጥላል።

የተመልካቹ ሥጋት ረቀቅ ይላል። በስልክ ስናነሳ ፎቶውና አስተያየቱ አንድ ላይ ናቸው። አነሳን፣ አየን፣ ፊልተር ጨመርን፣ ለጠፍን፣ ስንት ሰው ወደደው ብለን ቆጠርን። ፎቶው ገና ሳይነሳ "ይሄ ያስኬዳል" እያልን ነው የምንመርጠው። አሮጌው ካሜራ ይህን ሰንሰለት ይበጥሰዋል። ዋይፋይ የለው፣ ቴሌግራም የለው።

ስክሪኑም ደካማ ነው፤ ይሄኛውን ጥቅም ብዙ ሰው አያወራለትም። እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ የወጣውን ኒኮን ዲ40 ብንወስድ ስክሪኑ 2.5 ኢንች ነው፤ ነጥቦቹም 230 ሺህ ብቻ ናቸው። ፀሐይ ላይ ሆኖ ምስሉ ጠርቶ ይሁን ብዥ ብሎ መለየት ይከብዳል። ስለዚህ ሰው ማየቱን ይተወዋል። ካሜራውን ያወርድና ከፊቱ ካለው ሰው ጋር ያወራል። ውጤቱን ማታ ቤት ገብቶ ያየዋል።

አንዳንዱ ደስታውን ከፊልም ዘመን ጋር ያያይዘዋል። ያኔ አንድ ፊልም 36 ፎቶ ነበር፤ ሰው እየሰሰተ ነበር የሚያነሳው ይላል። እውነት ነው። ግን ለዲጂታሉ አይሠራም። 2 ጊጋ ካርድ ዲ40 ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ፎቶ ይይዛል። እጥረት የሚባል ነገር የለም። ሰውየው ረጋ የሚለው ፎቶ ስላለቀበት ሳይሆን የሚቸኩልለት ተመልካች ስለሌለ ነው።

ወደ ርእሱ ጥያቄ ልምጣ። ዲ40 ስድስት ሜጋፒክስል፣ ማለትም ስድስት ሚሊዮን ነጥብ ነው፤ ምስሉ 3,008 በ2,000 ነጥብ ይሆናል። በ300 ነጥብ በኢንች ጥራት ቢታተም 25 በ17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወጣዋል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፎቶ ነው ይሄ። አልበም ውስጥ የሚገባው 10 በ15 ፎቶ ደግሞ የሚጠይቀው 2 ሜጋፒክስል ብቻ ነው። ሙሉ ኤችዲ የሚባለው ስክሪንም ከ2 ሜጋፒክስል ብዙ አያልፍም። ስልካችን ላይ 50፣ 108፣ 200 ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ሱቅ ውስጥ ለመሸጥ ይጠቅማል። ፎቶ ቤት ሄዶ ለማሳተም ስድስቱ ከበቂ በላይ ነው።

ከሜጋፒክስሉ ይልቅ የሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል፣ ስፋት ቢጠየቅ ይሻላል። እዚህ ላይ ገዢዎች ሲታለሉ አያለሁ። አሮጌ ካሜራ ሁሉ አንድ አይደለም። ሌንሱ የሚፈታው ዓይነት፣ ማለትም እንደ ዲ40 ወይም እንደ ካኖን 350ዲ ያለው፣ ሴንሰሩ በግምት ከ22 በ15 እስከ 24 በ16 ሚሊ ሜትር ነው። ከጥሩ ስልክ ሴንሰር ብዙ እጥፍ ይሰፋል። የኪስ ካሜራው ግን ብዙውን ጊዜ 6 በ4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዛሬ ጥሩ ስልክም ያንሳል። ስለዚህ የኪስ ካሜራ ገዝቶ "ከስልኬ ይበልጣል" ብሎ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል። የእሷ ጥቅም ሌላ ነው። ቁልፍ አላት፣ እውነተኛ ዙም አላት፣ እውነተኛ ፍላሽ አላት። የስልክ ፍላሽ መብራት ነው እንጂ ፍላሽ አይደለም።

"የሲሲዲ ሴንሰር ቀለም ይለያል" የሚባለውንም ሳልነካው አላልፍም። የዚያ ዘመን ካሜራዎች ብዙዎቹ ሲሲዲ ሴንሰር ነበራቸው፤ በኋላ ሲሞስ የሚባለው ሌላው የሴንሰር ዓይነት ተካው። ቀለማቸው ደስ ይላል፤ አልክድም። ነገር ግን ቀለሙ በአብዛኛው የሚመጣው ሴንሰሩ ላይ ካለው የቀለም ማጣሪያና ካሜራው ምስሉን ከሚያሰናዳበት መንገድ ነው። ሻጭ "ሲሲዲ ነው" ብሎ ዋጋ ከጨመረባችሁ አትቀበሉት።

ስልክ ጋ የሚታየው ልዩነት ግን የእውነት ነው። የዛሬ ስልክ አንድ ጊዜ ስንነካው በርከት ያሉ ምስሎችን አንስቶ ያዋህዳል። ጥላውን ያበራል፣ ሰማዩን ያጠቁራል፣ ጠርዙን ይስላል። ውጤቱ ሁልጊዜ ደህና ነው። ችግሩም እሱ ነው። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ጉሙን ይገፈዋል። የእናቶችን ግንባር ሽብሽብ ያለሰልሰዋል። የጠዋቱም የቀትሩም ፎቶ አንድ ይሆናል። አሮጌው ካሜራ ይህን አያውቅም። ብርሃኑ ክፉ ከሆነ ፎቶው ክፉ ይሆናል፤ ብርሃኑ ሲያምር ያምራል። ሰው ብርሃን ማየት የሚማረው በዚህ ነው።

ሰሜን ሸዋ ደግሞ ብርሃን ለመማር ከባድ ትምህርት ቤት ናት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ፀሐዩ ይለበልባል፤ ጥላው ድፍን ጥቁር ነው። ለምድር ወገብም ቅርብ ነን። ሚያዝያ መጀመሪያ አካባቢ እኩለ ቀን ላይ የቆመ ሰው ጥላው እግሩ ሥር ይገባል። ባርኔጣ ያደረገ ገበሬ በዚያ ሰዓት ቢነሳ ዓይኑ አይታይም። ጥሩው ብርሃን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ከዚያ ደግሞ ከ11 ሰዓት በኋላ ያለው ነው። እሱም ይቸኩላል። በእኛ አገር ፀሐይ ስትጠልቅ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው።

ለቀትሩ ግን ዲ40 አንድ ዘዴ አለው። ፍላሹ እስከ 1/500 ሰከንድ ፍጥነት ድረስ ከካሜራው ጋር ይሠራል። ከእሱ በኋላ የመጡ ብዙ ርካሽ ካሜራዎች፣ የኒኮኑን ዲ3100 ጨምሮ፣ 1/200 ላይ ይቆማሉ። ልዩነቱ ምን ያደርጋል? ቀትር ላይ ፀሐዩ ኃይለኛ ስለሆነ ካሜራው ፈጥኖ መዝጋት አለበት። 1/200 ላይ ከተገደበ የሌንሱን ቀዳዳ በጣም ማጥበብ ግድ ይሆናል፤ ያኔ ትንሿ ፍላሽ አቅም ታጣለች። 1/500 ላይ ግን ቀዳዳውን ሰፋ አድርጎ ፍላሹን ማብራት ይቻላል። ከባርኔጣው ሥር ያለው ፊት ይወጣል፤ ከኋላ ያለው ሰማይም ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል። በጠራራ ፀሐይ ፍላሽ የሚያበራ ሰው እንደ እብድ ቢታይም ፎቶው ያምራል።

ሁለተኛው ፈተና ነጭ ልብስ ነው። የካሜራ የብርሃን መለኪያ ከፊቱ ያለው ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ይመስለዋል። ነጠላ የለበሱ ምእመናን ፍሬሙን ሲሞሉት "ብርሃን በዛ" ብሎ ይቀንሳል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፤ ፊቱም ይጠቁራል። መፍትሔው የፕላስና ማይነስ ምልክት ያለበት ቁልፍ ነው፤ ወደ ፕላስ ትንሽ ከፍ ማድረግ። ግን ብዙ ከጨመሩ የአሮጌ ሴንሰር ትዕግሥት አጭር ነው። የነጠላው ክር ይጠፋና ባዶ ነጭ ይሆናል፤ ያንን ደግሞ ኮምፒውተር ላይም መመለስ አይቻልም። የእኔ ምርጫ ሰውየውን ጥላ ውስጥ ማስገባት ነው። ግንብ ሥር፣ በረንዳ ላይ፣ ዛፍ ሥር። ፊቱና ነጠላው ይታረቃሉ።

ጭላዳ ዝንጀሮ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ከጣርማ በር አለፍ ሲል የምኒልክ መስኮት የሚባለው ገደል አፍ ላይ፣ እንዲሁም መንዝ ጓሳ ላይ፣ ጭላዳ በመንጋ ሣር ሲግጥ ይውላል። ሣር በሊታ ስለሆነ ቁጭ ብሎ ነው የሚበላው፤ ፎቶ አንሺ እንደሱ ያለ ታጋሽ አያገኝም። ርካሹ 55-200 የሚባለው አቅራቢ ሌንስ ይበቃዋል። ወንዱ ጎፈሩ ጠቆር ያለ ስለሆነ ፍሬሙን ሲሞላው መለኪያው "ጨለመ" ብሎ ብርሃን ይጨምራል። ያኔ የደረቱ ቀይ ምልክት ፈዞ ሮዝ ይሆናል። ወደ ማይነስ ዝቅ ማድረግ ነው። ለጉም ደግሞ ወደ ፕላስ፤ አለበለዚያ የጣርማ በር ጉም የምድጃ ጭስ ይመስላል።

እነዚህን ነገሮች ስልክ በራሱ ይሠራቸዋል። ታዲያ ለምን እንደክማለን የሚል ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ነው የጠየቀው። መልሴ አጭር ነው። ድካሙ ራሱ ነው የሚያስደስተው። ቁልፉን ነክቶ ፊቱ ሲፈካ ያየ ሰው ያንን ፎቶ የእኔ ነው ይላል።

ብርዱን ደግሞ እንርሳው ብንልም አይረሳንም። ኅዳርና ታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ አለ። ሌሊቱ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ጊዜ ብዙ ነው። ባትሪ ብርድ አይወድም። የዲ40 ባትሪ አዲስ ሳለ ወደ 470 ፎቶ እንዲያነሳ የተሠራ ነው። ዕድሜ ተጨምሮበት፣ ውርጭ ተጨምሮበት፣ ጠዋት ላይ ሳይታሰብ ድርግም ይላል። ግን አልሞተም። አውጥቶ ብብት ሥር ትንሽ ቢያሞቁት ይነቃል። ስለዚህ ባትሪው የሚያድረው ከሰው ጋር እንጂ መስኮት ላይ አይደለም። በተራ ድንጋይ የሚሠሩት የካኖን ፓወርሾት ኤ ካሜራዎችም አሉ። ከሱቅ የሚገዛው ርካሽ ድንጋይ ጥቂት ፎቶ አንስቶ ያልቃል፤ ቻርጅ የሚደረገው ድንጋይ ግን ብርዱንም ይችላል፣ ብዙም ያነሳል።

ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ሌላ ነገር ይጠንቀቅ። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን የቦረቦረውን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ይዞ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ይወርዳል። ላይ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሰው ታች ሸሚዝ ይበዛበታል። የቀዘቀዘ ካሜራ እዚያ ሙቀት ውስጥ ሲወጣ ሌንሱ ላይ ውኃ ያዝላል፤ ውስጥ ከገባ ደግሞ ሻጋታ ይወልዳል። መድኃኒቱ ፌስታል ነው። ላይ ሳሉ ካሜራውን በፌስታል ጥብቅ አድርጎ ማሰር፣ ታች ሲደርሱ ካሜራው እስኪሞቅ አለመፍታት። ጤዛው ፌስታሉ ላይ ያርፋል።

እንግዲህ ልግዛ ለሚል ሰው የማውቀውን ልንገረው። መጀመሪያ ካርዱን ይጠይቅ። ኤስዲ ካርድ የሚቀበል ካሜራ ይግዛ። ካኖን 350ዲ ጥሩ ካሜራ ነው፤ ካርዱ ግን ኮምፓክት ፍላሽ የሚባለው ወፍራሙ ነው፤ አንባቢውም ካርዱም እንደ ልብ አይገኝም። ኤክስዲ እና የሶኒው ሚሞሪ ስቲክ ደግሞ ከዚህ የባሱ ናቸው። በጣም አሮጌ ኤስዲ ካሜራዎች ከ2 ጊጋ በላይ አያነቡም፤ ሱቅ ውስጥ ያለው ሁሉ 32 እና 64 ጊጋ በሆነበት ዘመን ይሄ ራስ ምታት ነው። ዲ40 ኤስዲኤችሲ የሚባለውን በኋላ የመጣውን የኤስዲ ዓይነት ስለሚያነብ እስከ 32 ጊጋ ያለው ችግር የለውም።

ሌንሱን ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ውስጥ ያዩት። ከኋላ በስልክ መብራት ሲያበሩበት ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው፤ ይተዉት። አቧራ ብቻ ከሆነ ምንም አይደለም። ሴንሰሩን ለማየት ደግሞ የሌንሱን ቀዳዳ አጥብቦ ኤፍ 16 ወይም ኤፍ 22 ላይ አድርጎ ጥርት ያለ ሰማይ ማንሳት ነው። ደብረ ብርሃን በበጋ ለዚህ የተፈጠረች ናት፤ ደመና አይረብሽም። ፎቶው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩ ቆሽሿል። ይጸዳል፤ ግን ዋጋ መቀነሻ ይሁንላችሁ። ባትሪው ሆዱ ያበጠ ከሆነ አትቀበሉ። ቻርጀሩን አብሮ ካልሰጠ ዋጋው ላይ በደንብ ተከራከሩ፤ ቻርጀር ፍለጋ አዲስ አበባ መመላለስ ከካሜራው ይብሳል።

ዲ40 ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ካሜራው ውስጥ ሌንሱን የሚያዞር ሞተር የለም። ኤኤፍ-ኤስ ያልተባለ፣ ማለትም የራሱ ሞተር የሌለው፣ አሮጌ የኒኮን ሌንስ ቢገጥሙለት ትኩረቱን በእጅ ማዞር ነው። ይህን የማይናገር ሻጭ ብዙ አለ። ቪዲዮም አይቀርጽም። ቪዲዮ የሚፈልግ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣውን ዲ3100 ይፈልግ፤ 14 ሜጋፒክስል ነው፣ ዋጋውም ብዙ አይርቅም።

ፎቶውን ከካሜራ ወደ ስልክ ለማምጣት ካርድ አንባቢና ኦቲጂ የምትባል ትንሽ ማገናኛ ይበቃሉ። ስልክ ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ አሉ።

ሰው ማንሳት ላይ አሮጌው ካሜራ ያልጠበቅሁትን ጥቅም አሳየኝ። ስልክ ሲደገንበት ሰው ይጠረጥራል። "ፌስቡክ ላይ ልታወጣኝ ነው?" ይላል፤ ልክም ነው። ካሜራ ሲያይ ግን የሚያስበው ስለ ወረቀቱ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ አንዲት እናት ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ የበግ ጠጉር ይፈትላሉ። ባና ሊያሠሩ ነው። እንዝርቱ ይሽከረከራል፣ ጠጉሩ ከጣታቸው ሥር እየቀጠነ ይወርዳል።

"እማማ፣ ላንሣዎት?"

"አንሣኝ ልጄ። ግን እንደ እነዚያ ወስደህ እንዳትጠፋ።"

"እነዚያ" እነማን እንደሆኑ አልጠየቅሁም። ስልክ ይዘው የመጡ፣ አንስተው የሄዱ ናቸው። ከተማ ያለ ፎቶ ቤት 10 በ15 አሳትሜ ስወስድላቸው መጀመሪያ ያዩት ፊታቸውን አልነበረም። እንዝርቱን ነው። "ተይዟል እኮ፣ አልሮጠም" አሉ። ሲሽከረከር የነበረው ቆሞ ስለታየ ገርሟቸው። ሸተሩ፣ ማለትም የካሜራው መዝጊያ፣ ፈጣን ነበር። ስለ ሸተር አላስረዳኋቸውም፤ ሁለተኛ ኮፒ ለልጃቸው ጠየቁኝ።

ይህ ነገር እዚህ አዲስ አይደለም። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ እ.ኤ.አ. በ1879 አንኮበር፣ ምኒልክ ዘንድ ከደረሰ በኋላ ያነሳቸው ፎቶዎች ዛሬም ዙሪክ ውስጥ አሉ። ከዚያም አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ ለነገሥታቱ ፎቶ አነሱ። ለተራው ሰው ደግሞ በየከተማው ፎቶ ቤት ተከፈተ። ጉርድ ፎቶ፣ የቤተሰብ ፎቶ፣ መጋረጃ ላይ በተሳለ ፏፏቴ ፊት ቆሞ የተነሳ ፎቶ። በያንዳንዱ ቤት አልበም ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ከቡና በፊት የሚቀርበው አልበም ነው። ስልክ ከመጣ በኋላ ፎቶ በዛ፤ አልበም ግን ተቋረጠ። ስልኩ ሲሰረቅ የልጁ ክርስትና አብሮ ይሰረቃል።

ጊዜውንም ማንሳት አለብኝ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ክልሉ ውስጥ ያለው ግጭት መንገዱን አጥብቦታል። እንደ ልብ ወጥቶ ማንሳት ቀርቷል፤ ትልቅ ሌንስ ያነገተ ሰውም "ጋዜጠኛ ነህ?" ይባላል። አሮጌ ካሜራ ከጥያቄ ያድናል አልልም። ፈቃድ መጠየቅ፣ ኬላና የጸጥታ ኃይል ያለበት ቦታ አለማንሳት፣ እንቢ ካሉ ማውረድ ለሁሉም ካሜራ እኩል ነው። ደብረ ብርሃን ተፈናቃይ ወገኖችን ያስጠለለች ከተማ ናት። ሰው ችግሩ ላይ ሳለ ካሜራ መደገን በስድስትም በስልሳም ሜጋፒክስል ነውር ነው። እኔ በዚህ ምክንያት ቅርብ ቅርቡን ማንሳት ለምጃለሁ። ሰፈሩን፣ ጎረቤቱን፣ የበረንዳውን ብርሃን። ርቆ የሄደ ሁሉ የተሻለ ያነሳል የሚለውንም ሐሳብ ትቼዋለሁ።

የአሮጌው ካሜራ ድክመት ግን አይደበቅ። ማታ ላይ አይረባም። ዲ40 የብርሃን ስሜቱ፣ አይኤስኦ የሚባለው፣ 1600 ላይ ሲደርስ ምስሉ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ጧፍ የሚበራበት ማኅሌት፣ የደመራ ምሽት፣ አምፖሏ አንድ የሆነች ቤት ውስጥ ያለ ሰርግ፣ እነዚህ ሁሉ ለአዲስ ካሜራ ይተዉ። በፎቶ እንጀራውን የሚበላ ሰው ደግሞ ይህን ጽሑፍ አንብቦ አዲሱን ካሜራ እንዳይሸጥ። ሙሽራ "አሮጌው ካሜራ ስሜት አለው" ስትባል አትሰማም፤ ሁለት ካርድ የሚይዝ፣ ጨለማ የሚችል ካሜራ ነው የሚያስፈልጋት። እኔ የማወራው እሁድ ከሰዓት ለራሱ ስለሚያነሳ ሰው ነው።

ዋጋውም እየወጣ ነው። ሻጮች "ቪንቴጅ" የምትል ቃል ለምደዋል፤ ቃሏ ስትጨመር ብር አብሮ ይጨመራል። የኪስ ካሜራዋ ከተወደደች ተውዋት፤ ሌንሱ የሚፈታው ብዙ ጊዜ በዚያው ዋጋ ይገኛል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ዘመድ ጠይቁ። ካሜራው ቁም ሣጥኑ ላይ በነጻ ተቀምጦ ይሆናል፤ የሚጎድለው ባትሪ ብቻ ነው።

ካገኛችሁ በኋላ ቀኑን አስተካክሉ። አሮጌ ካሜራ ባትሪው ሲወጣ ቆይቶ ሰዓቱን ይረሳል፤ ሲነሳ ከብዙ ዓመት በፊት ያለ ቀን ይጽፋል። የእኛን ቀን ላስገባ ብላችሁ አትድከሙ። ሁለተኛው ወር ለእሱ 28 ወይም 29 ቀን ብቻ ያለው የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ስለሆነ ጥቅምት 30ን አይቀበልም፤ ጳጉሜንማ ጨርሶ አያውቃትም። የፈረንጁን ቀን ሰጥታችሁት ተዉት። የእኛን ቀን፣ የሰዎቹን ስምና ቦታውን ፎቶው ሲታተም ጀርባው ላይ በእስክርቢቶ ጻፉት፤ ግን ቀለሙ እስኪደርቅ አንዱን ፎቶ በሌላው ላይ አትደርድሩ፤ ቀለሙ ሌላው ላይ ይታተማል።